በሞላው ላይ የገባው ቀርከሃ

ሰርክአዲስ የጠበቀችው ደብዳቤ ነበር። ደብዳቤ ባይሆን እንኳ አንድ ቃል፤ ከደብተር በተቀደደች ብጣሽ ወረቀት ላይ «እንዴት ነሽ» የምትል አንዲት ቃል። ከዳንግላ የመጣው የሚኒባስ ረዳት ደጅ ድረስ መጥቶ ያስረከባት ግን በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ከባድ ነገር ነበር። «ዓባይነህ ነው የላከው። ለራሷ እጅ ስጥ ብሎኛል» አለና ሹፌሩ ጥሩምባ ሲያስጮህበት እየሮጠ ተመለሰ።

በግቢው መካከል ቆማ ገመዱን በጥርሷ ፈታችው። ከውስጡ ሁለት ረዣዥም የብረት ሞላዎች ወጡ፤ አዲስ፣ በቅባት የታሹ፣ በሞተር ሳይክል የፊት እግሮች ውስጥ የሚገቡ። ከረጢቱን ገልብጣ አራገፈችው። ሌላ ምንም አልነበረበትም።

«ብረት!» አለች ለብቻዋ። «ሰው ለናፈቀችው ልጅ ብረት ይልካል?»

መናደዷ ያለ ምክንያት አይደለም። አባቷ ጋሽ ደርበው በእንጅባራ ከተማ፣ የድሮ ሰዎች ዛሬም ቆሰበር በሚሏት፣ ከአስፋልቱ ዳር የቀርከሃ ወንበርና አልጋ የሚሠሩ ሰው ናቸው። እጃቸው የተመሰገነ ነው። ሰርክአዲስም ከልጅነቷ ጀምሮ የእሳቸውን ሥራ በብርጭቆ ወረቀት እየፈተገች፣ ቫርኒሽ እየቀባች አድጋለች። ቤቱ አንድ ሞተር አለው፤ ታላቅ ወንድሟ ይሄነው ወንበር ከኋላ እየቆለለ ወደ ጥሊሊና ወደ ዳንግላ ገበያ ያመላልስበታል። ዓባይነህ ደግሞ የዘንገና ገበሬ ልጅ ነው፤ ዳንግላ በከብት ሐኪምነት ተቀጥሮ ገጠር ለገጠር ይዞራል። ለእናቱ ወንበር ሊገዛ መጥቶ፣ ቫርኒሽ የምትቀባዋን ልጅ አየና ወንበሩን ረስቶ ሄደ። በማግስቱ «ረስቼው ነበር» ብሎ መጣ። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት የሚረሳው ነገር አላልቅ አለው።

የቤቱ ሰው ግን አልወደደውም። ጋሽ ደርበው «ጥሩ ልጅ ነው» ይሉና «ግን የባላገር ልጅ ነው» ብለው ይጨምሩበታል። የእሳቸው አያት ከየት ገጠር መጥተው ከተሜ እንደ ሆኑ የሚጠይቃቸው የለም።

ዓባይነህ ይህን ልብ ለማለስለስ ሲል ነው አንድ እሑድ የሞተሩን ፊት የፈታላቸው። ሞተሩ ፍሬን ሲያዝ እንደ ሰጋጅ ግንባሩን ይደፋ፣ ዘይትም ያፈስ ነበር። ዘይት የሚያግደውን ጎሚኒ ቀየረና «ጋሽ ደርበው፣ ሞላዎቹ ደክመዋል። አዲስ ከባሕር ዳር አመጣለሁ፤ እስከዚያ ጭነት አይጫንበት» ብሎ አሮጌዎቹን ሞላዎች መልሶ ዘጋ። ጎረቤት ሁሉ እያየ ነው የሠራው። በሚቀጥለው የገበያ ዕለት ይሄነው ወንበር ቆልሎ ወደ ጥሊሊ ሲወርድ፣ ቁልቁለቱ ላይ የሞተሩ ፊት ድንገት ነክሶ ቀረና ወረወረው። እግሩ ተሰበረ። በመንገዱ ሲያልፍ ደርሶ ያነሣውና በባጃጅ የላከው ራሱ ዓባይነህ ነበር።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። «ሞተሩን ማን ነክቶት ነበር?» ተባለ። «ያ የባላገር ልጅ!» ተባለ። «በሬ የለመደ እጅ ሞተር ምን ያውቃል!» ተባለ። ዓባይነህ ይሄነውን ሊጠይቅ ሲመጣ ጎረቤቱ ሁሉ አፉን ከፈተበት። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ወጣ። ሰርክአዲስን ያቆሰላት ስድቡ አልነበረም። ዝምታው ነበር። ያላጠፋ ሰው ዝም ይላል?

ነገ እሑድ ነው። የዓባይነህ ሽማግሌዎች ለመጨረሻ ጊዜ ይመጣሉ። ከዚህ በፊት መጥተው «ይታሰብበት» ተብለው ተመልሰዋል፤ ነገ እንቢ ከተባሉ ግን ያ ደጅ ዳግመኛ አይረገጥም። ጋሽ ደርበው ደግሞ መልሳቸውን ለሚስታቸው ለወይዘሮ ይታይሽ አስቀድመው ነግረዋል። «ልጄን ለሰበረ ልጄን አልሰጥም» ብለዋል።

ሰርክአዲስ ሞላዎቹን መሬት ላይ ጥላ ስልኳን አወጣች። ኔትወርኩ እንደ ምንም ብሎ ጠራላት።

«ሞላው ደረሰሽ?» አለ ዓባይነህ።

«ደረሰኝ! ሰላምታውን የት ረሳኸው? ባሕር ዳር ነው ወይስ ዳንግላ?»

«ሰርኬ...»

«ሰርኬ አትበለኝ! ነገ ምን ቀን እንደ ሆነ ታውቃለህ? እንግዲያው አንድ ነገር ንገረኝ። አጥፍተሃል ወይስ አላጠፋህም? አጥፍቻለሁ በልና አልቅሼ ይውጣልኝ። አላጠፋሁም በልና ካገር ጋር ልጣላልህ። ዝም ብለህ ግን አትግደለኝ!»

በስልኩ ውስጥ የጥጃ ድምፅ ተሰማ። ለነገው ሽምግልና ከዳንግላ መጥቶ ዘንገና፣ ወላጆቹ ዘንድ ነበር።

«ለአባትሽ ሞላ አመጣለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር» አለ በመጨረሻ። «የላክሁት ቃሌን ነው። ያረጀውን አውጥተሽ እሱን አስገቢበት። አንች ራስሽ።»

«እኔ ራሴ?»

«አንች ራስሽ። ሌላ ሰው እንዳይነካው።»

ስልኩ ተዘጋ። የዘጋው ኔትወርኩ ይሁን እሱ አላወቀችም። ያወቀችው፣ ይህን ሰው የምትወደውን ያህል በዚያች ሰዓት ብታገኘው በሞላው ልትመታው እንደምትችል ብቻ ነበር።

*

አባቷ ወንበራቸውን በሚኒባስ ጣሪያ ጭነው ጥሊሊ ገበያ ወርደዋል፤ እናቷም አብረው ሄደዋል። ቤት የቀረው ይሄነው ነው። ወጌሻ ያሰረለትን እግሩን ዘርግቶ፣ አባቱ በሠሩት ወንበር ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። ሰርክአዲስ ከአጥሩ ሥር በላስቲክ ተሸፍኖ የተጣለውን ሞተር እየጎተተች ስታወጣ ዓይኑን ገለጠ።

«ምን ልትሆኝ ነው?»

«ሞላ ልቀይር።»

«አንች?» ሳቀ። «የእኔ ስብራት ሳይጠገን ሌላ ሰው ልትሰብሪ?»

«ዝም ብለህ ፀሐይህን ሙቅ!»

ከሞተሩ ሆድ ሥር የቢራ ሣጥን አስገባች፤ የፊቱ ጎማ ከመሬት ተነሣ። በዚያ እሑድ መፍቻ አቀባይዋ እሷ ነበረች። ዓባይነህ ጠጋ ብሎ እያንዳንዱን ነገር ያሳያት ነበር፤ ማስተማር ነውና ማን ይከለክላል? «ሞላው ያለበትን ቱቦ ከማውጣትሽ በፊት የላይኛውን ክዳን ትንሽ አላይው፤ ከወጣ በኋላ በእጅሽ ላይ እየዞረ ያስቸግርሻል» ብሏት ነበር። ያን ጊዜ መፍቻው ላይ የእሱ እጅ በእሷ እጅ ላይ ነበር። ዛሬ ለብቻዋ፣ ጥርሷን ነክሳ አላላችው።

ጎማውን ፈታች። የፍሬኑን ሽቦ አላቀቀች፣ የጭቃ መከላከያውን ፓራፋንጎ አነሣች። ቱቦዎቹን አንቀው የያዙትን ብሎኖች አላልታ አንደኛውን እያዞረች ወደ ታች ስትስበው ወጣ።

«ክዳኑን ስትፈች በመዳፍሽ ተጫኝው» ብሏት ነበር ዓባይነህ። «ሞላው ታፍኖ ነው ያለው፤ ከለቀቅሽው ዘሎ ዓይንሽን ያጠፋዋል።» እሷም «አንተም እንደሱ ታፍነህ ነው ያለኸው?» ብላ ስትስቅበት፣ መሬት መሬት እያየ ፈገግ ብሎ ነበር።

አሁን በመዳፏ ተጫነችና ፈታችው። ክዳኑ አልዘለለም፤ ልፍስፍስ ብሎ በእጇ ላይ ቀረ። ቱቦውን ሳፋ ላይ ገለበጠችው። የጠቆረ ዘይት ፈሰሰ፣ ከዘይቱ ጋር ስንጣሪ ወጣ፣ ከስንጣሪው ቀጥሎ ከሞላው በላይ ተሰክቶ የነበረ፣ ለሁለት የተሰነጠቀ አጭር ቀርከሃ ዱብ አለ።

«ይኸው!» ብሎ ጮኸ ይሄነው፤ እግሩን ረስቶ ሊነሣ ቃጣው። «ይኸው፣ አላልሁም? ሞላው ሲደክም ቀርከሃ ወትፎበት! ስንጣሪው በሞላው መካከል ገብቶ ነክሶ ያዘዋ፣ ምን ያርግ! ይህ ነው እግሬን የሰበረው! ሽማግሌ ይልካል ደግሞ፣ የማያፍር!»

ለአፍታ ያህል ሰርክአዲስም አመነች። ሁለተኛውን ቱቦ አወጣች፣ ፈታች፣ ገለበጠች። ከሱም ቀርከሃ ወጣ፤ ይኸኛው ግን ሳይሰነጠቅ ሙሉውን ነበር። በጨርቅ ጠረገችና ወደ ብርሃኑ አቀረበችው።

የተቆረጠው ከአንጓው አንድ ጣት ዝቅ ብሎ ነው። ከንፈሩ ደግሞ ዙሪያውን በጋለ ብረት ተቃጥሎ ጠቁሯል።

በቆሰበር ቀርከሃ የሚሠራ ብዙ ነው። ከቆረጠ በኋላ ከንፈሩን በጋለ ብረት የሚያቃጥል ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። «ከንፈሩ እሳት የቀመሰ ቀርከሃ ቶሎ አይሰነጠቅም» ይላሉ እኒያ ሰው፤ ሌሎቹ ባለሙያዎች ሲስቁባቸው እሳቸው በኩራት ይቀጥላሉ። ያን የጠቆረ ከንፈር ሰርክአዲስ ዕድሜዋን በሙሉ ቫርኒሽ ስትቀባው ኖራለች።

ወደ ወንድሟ ሄደች። «ተነሥ» አለችው።

«እግሬን...»

«ተነሥ አልሁህ!»

እያነከሰ ተነሣ። ወንበሩን ገልብጣ የቀርከሃውን ቁራጭ ከወንበሩ እግር ጎን አስቀመጠችው። አንጓው በአንድ ልክ፣ ጥቁሩ ከንፈር በአንድ ልክ ነበር። ይሄነው አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ።

«አባዬ?» አለ፤ ድምፁ የሕፃን ሆነ። ከዚያም ቀስ ብሎ ጨመረ። «ያን ለት ጧት ሞተሩን ከሥራ ቤታቸው ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው። አሁን ጠንክሯል፣ እንደ ልብህ ጫንበት ብለውኛል።»

ሰርክአዲስ ያን የስድብ ቀን አስታወሰች። ጎረቤቱ ዓባይነህን ሲዘልፈው አባቷ የት ነበሩ? እዚሁ ግቢ ውስጥ ነበሩ። ጥግ ላይ ተቀምጠው ቀርከሃ ይልጡ ነበር። ቀና አላሉም። ያን ጊዜ ስለ ልጃቸው አዝነው መስሏት ነበር፤ አዝናላቸውም ነበር። አሁን ያ ያዘነችው ኀዘን እንደ ተሰረቀ ዕቃ አንገበገባት።

*

ቱቦዎቹን በቤንዚን አጠበች። አዲሶቹን ሞላዎች አስገባች፤ ዘይቱንም ለሁለቱ እኩል በሻይ ብርጭቆ እየለካች ጨመረች፤ ካልተካከለ ሞተሩ ወደ አንድ ወገን ያነክሳል ብሏት ነበር ዓባይነህ። አዲሱ ሞላ ግን እንደ አሮጌው ልፍስፍስ አልነበረም። ክዳኑን ሊዘጋላት አሻፈረኝ አለ። ስትታገል ይሄነው እያነከሰ መጣና ቱቦውን በሁለት እጁ ያዘላት። እሷ በሙሉ ክብደቷ ተጫነች፣ ክዳኑም ጥርሱን አግኝቶ ዞረ።

ሲያልቅ ቀርከሃዎቹን በከረጢቱ አድርጋ ሞተሩን አስነሣች። መንዳት ያስተማራት ይሄነው ነው፤ ዛሬ ግን «ወዴት ነው?» ብሎ እንኳ ሊጠይቃት አልደፈረም። ወደ ዘንገና በሚወስደው መንገድ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር የሞተሩ ፊት ዝቅ ይልና ቀና ይላል፤ እጇን አይመታትም። ይህም አናደዳት። ብረቱን እንዲህ አድርጎ የሚያውቅ ሰው እንዴት ልቧን አላወቀም?

ዓባይነህ ከሐይቁ በላይ ባለው የእግር መንገድ ላይ ጥጃ እየነዳ ነበር። ሞተሩን ሲያይ ቆመ።

«ጥሩ አድርገሽ ገጥመሽዋል» አለ፤ ዓይኑ ከፊቷ ሸሽቶ የሞተሩ ፊት ላይ አርፎ ነበር።

«ሞተሩን ተወው! እኔን እየኝ!» ከረጢቱን ፈትታ ቀርከሃውን አፍንጫው ሥር ደቀነችው። «ይህን ታውቀዋለህ?»

አንገቱን ደፋ።

«ታውቀዋለህ!»

«ይሄነው የወደቀ ዕለት፣ እሱን በባጃጅ ከላክሁት በኋላ ክዳኑን ከፍቼ አየሁት። የማን እጅ እንደ ሆነ ወዲያው ነው ያወቅሁ፤ እናቴ የምትቀመጠው በአባትሽ ወንበር ነው። መልሼ ዘጋሁት።»

«ዘጋኸው! ለምን?»

«ምን ልበል ሰርኬ? በጎረቤት ፊት አባትሽን ላዋርዳቸው? አዋርጃቸው አንችን ባገኝ፣ እሳቸውን ባየሽ ቁጥር እኔን ትጠይኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«የምጠላውንና የምወደውን ለእኔ ተውልኝ!» ጥጃው ደንግጦ ወደ ቁጥቋጦው ዘለለ። «ለአባቴ ክብር አሰብህ፣ ለስምህ እንኳ ሳታስብ ዝም አልህ። ለእኔ ማን አሰበልኝ? የይሄነውን እግር ሰበረ ሲሉ ሰምቼ፣ እውነት ይሆን እያልሁ ራሴን ስበላ የት ነበርህ? አንተን እየተጠራጠርሁ መውደድ ምን ማለት እንደ ሆነ ታውቃለህ?»

«ለዚህ ነው ሞላውን የላክሁልሽ። በዚያ ቤት ከአንች ሌላ የሚከፍተው እንደሌለ አውቃለሁ። ከፍተሽ ታይዋለሽ ብዬ...»

ሰርክአዲስ አቋረጠችው። «እንግዲያው አፍህ ያቃተውን ብረት እንዲናገርልህ ነው የላክኸው? እኔ ፈትቼ፣ እኔ አይቼ፣ አባቴንም እኔው እንዳጋልጥልህ! አንተ ንጹሕ ሆነህ እንድትቀመጥ!»

ፊቱ ተለዋወጠ። እንዲህ አድርጎ አስቦት እንደማያውቅ ከዓይኑ አየች። ይህም ቁጣዋን አላበረደውም፤ ይልቁንም አንጀቷን በላት፣ አንጀቷን ስለ በላት ደግሞ ይበልጥ ተናደደች።

«ይቅር በይኝ» አለ በቀጭን ድምፅ።

«ይቅርታህንም በከረጢት ጠቅልለህ ላክልኝ!»

ሞተሩን አዞረች። ሐይቁ ከዓይኗ እስኪሰወር ድረስ አላለቀሰችም። ከዚያ በኋላ ግን መንገዱ አልታይ ብሏት ዳር ይዛ ቆመች፤ በሱ ላይ ተናዳ፣ በናፍቆቱ ተቃጥላ፣ የቱ እንደሚብስ ሳታውቅ አለቀሰች።

*

ጋሽ ደርበው ከገበያ ሲገቡ ሞተሩ በግቢው መካከል ቀጥ ብሎ ቆሟል። ገመዳቸውን ከትከሻቸው ሳያወርዱ ቆሙ። መሥሪያ ጠረጴዛቸው ላይ ቀርከሃዎቹን ሲያዩ ገመዱ ራሱ ወረደ።

«አባዬ፣ ይህን ማን ቆረጠው?» አለች ሰርክአዲስ።

በጉልበታቸው ላይ እጃቸውን አኑረው ተቀመጡ። «ገበያው ሊያመልጥ ነበር» አሉ። «ሞላው እስኪመጣ፣ ለአንድ ገበያ ብዬ ነው። ቀርከሃ ከዳኝ። በዚህ ዕድሜዬ ቀርከሃ ከዳኝ።»

«ቀርከሃ አይደለም ጥፋቱ! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ይህ በማንም ይደርሳል። ሰው በእርስዎ ጥፋት ሲሰደብ ግን እዚህ ተቀምጠው ቀርከሃ ይልጡ ነበር!»

«እኔ ስሙን አልጠራሁም፤ ሰዎቹ ናቸው ቀድመው የጠሩት።»

«አልጠሩም፤ አላስጣሉምም! ልጄን ለሰበረ ልጄን አልሰጥም ሲሉ፣ የተናገሩት ስለ ማን ነበር?»

ጋሽ ደርበው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ሰርክአዲስ አባቷን እንዲህ ሆነው አይታቸው አታውቅም፤ ሄዳ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ቃጣት። አልወደቀችም።

«ነገ ሽማግሌ ይመጣል» አለች። «እርስዎ ቢናገሩ ይሻላል። እርስዎ ካልተናገሩ እኔ እናገራለሁ።» ይህን ብላ ገባች።

*

ሽማግሌዎቹ በማለዳ መጡ። በልማዱ መሠረት ጉዳያቸው ሳይሰማ አይቀመጡምና በቁማቸው ቆዩ። ሰርክአዲስ ከመጋረጃው ኋላ ሆና የመሪያቸውን የጋሽ አድማሴን ድምፅ ሰማች።

«ደርበው፣ መልስህን ልንሰማ መጥተናል። ልጅህን ለልጃችን ስጠን። እንቢ ካልህም ዛሬ ቁርጡን ንገረንና እንሂድ።»

«ከመልሴ በፊት ይህን እዩልኝ» አሉ አባቷ። ከጋቢያቸው ሥር ሁለቱን ቀርከሃ አውጥተው መሬት ላይ አኖሩ። «በደከመው ሞላ ላይ ይህን የጨመርሁት እኔ ነኝ። ልጁ ጭነት አይጫንበት ብሎኝ ነበር፤ አልሰማሁትም። የይሄነውን እግር የሰበርሁት እኔ ነኝ።»

ሰርክአዲስ በነጠላዋ አፏን ያዘች።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል!» አሉ ጋሽ አድማሴ። «ስንቱ እንዲህ ያለውን ደብቆት ይሞታል! ጨዋ ሰው ነህ ደርበው!»

«ጨዋ! ጨዋ ሰው!» አሉ ሌሎቹም። ጋሽ ደርበውም «ሰጥቻለሁ» አሉ፤ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ ተሳሳቁ። «እንግዲያውስ ጥር ሳይወጣ ሠርጉን እናድርግ» ተባለ፤ ስለ ድግሱም ይነሣ ጀመር።

ሰርክአዲስ ጆሮዋን አላመነችም። ይኸው ነው? በሰው ስም ተሸፍኖ የከረመ ሰው ጨዋ ከተባለ፣ የተሸፈነበት ሰው ምን ሊባል ነው? የዓባይነህን ስም ያነሣ አልነበረም። የእሷንም ያነሣ አልነበረም። ሳታስበው መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

«ጋሽ አድማሴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የማልገባበት ቦታ እንደ ገባሁ አውቃለሁ።»

«ሴት ልጅ በሽማግሌ መካከል?» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

«ተዋት፣ ትናገር» አሉ ጋሽ አድማሴ።

«የዓባይነህ ስም የጠፋው እዚህ ቤት ውስጥ ነው? በግቢ ነው፣ በመንገድ ነው፣ በገበያ ነው! ሲሰደብ አገር ሰማ፤ ሲነጻ ግን ግድግዳ ብቻ ይስማ? አባዬ ጨዋ ተባሉ፤ ዝም ብሎ የተሰደበውን ማን ጨዋ አለው? እኔስ? ስጠን፣ ሰጥቻለሁ ስትባባሉ እኔ ለገበያ የወጣሁ ወንበር ነኝ?»

ጋሽ ደርበው ቀስ ብለው ተነሡና ከግድግዳው ሚስማር ላይ የሞተሩን ቁልፍ አወረዱ።

«ልጁ የት ነው ያለው?»

«ከቤተክርስቲያኑ አጥር ሥር መልሳችንን ይጠብቃል» አሉ ጋሽ አድማሴ።

«ቅዳሴ ወጥቷል?»

«አሁን እየወጣ ነው። ሕዝቡ ሁሉ እዚያ ነው።»

«እዚያው ይሻላል» አሉ አባቷ። ሞተሩ ተነሣ፤ ድምፁም እየራቀ ሄደ።

ሰርክአዲስ በር ላይ ቆማ ጠበቀች። ብዙም ሳይቆይ ጎረቤታቸው ሃና፣ ያን ቀን ከሁሉ በላይ ጮሃ ዓባይነህን የሰደበችው ሃና፣ ነጠላዋ እየተጎተተ ስትሮጥ መጣች። «ሰማሽ? አባትሽ በምእመኑ መካከል የዓባይነህን ትከሻ ስመው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይህን ልጅ የሰደባችሁ ሁሉ የሰደባችሁት በእኔ ፈንታ ነው አሉ! እኔም ሰድቤው የለ? መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ!» ፊቷን ሸፍና ወደ ቤቷ ገባች።

ከዚያ ሞተሩ መጣ። በሩ ላይ ፍሬን ሲያዝ ፊቱ ዝቅ አለ፤ ወዲያው ቀና አለ። ዓባይነህ ከአባቷ ጀርባ ወረደ። ዓይኑ ቀልቷል። ጎረቤቱ በአጥር ላይ ተንጠላጥሎ ያያል፤ ሽማግሌዎቹም ወጥተው በረንዳው ላይ ቆመዋል።

«ሰርኬ» አለ።

«ገና አልታረቅሁህም።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው የመጣህበትን ተናገር። በሽማግሌ አይደለም፣ በአባቴም አይደለም፣ በከረጢትም አይደለም። በአፍህ።»

ዓባይነህ ወደ አጥሩ አየ፣ ወደ ሽማግሌዎቹ አየ። ከዚያ በዚያ ግቢ ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቱን ቀና አደረገ።

«ሞተሩን ያበላሸሁት እኔ አይደለሁም» አለ፤ ድምፁ እስከ አስፋልቱ ተሰማ። «የእኔ ጥፋት ዝም ማለቴ ነው። ዝም ብዬም የበደልሁት ሰርክአዲስን ነው። እወዳታለሁ። ከእንግዲህ ስለ እሷም ስለ ራሴም ዝም አልልም።»

ሽማግሌዎቹ እንዲህ ያለ ቃል በአደባባይ ሰምተው አያውቁምና ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ጋሽ አድማሴ ብቻ በትራቸውን ተደግፈው ወደ እሷ ዞሩ።

«አንች ልጅ፣ እነሆ አንችንም ጠየቅንሽ። ምን ትያለሽ?»

ለዓባይነህ የምትለው ብዙ መራራ ቃል አዘጋጅታ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ስትደረድረው ነው ያደረችው። አፏን ስትከፍት ግን አንዱም አልመጣላትም።

«እሺ!» ብላ ጮኸች።

ሽማግሌዎቹ የቁጣ ይሁን የደስታ መለየት አቅቷቸው እርስ በርስ ተያዩ። ሰርክአዲስም አልለየችውም። ዕንባዋን በቫርኒሽ በጠነከረ መዳፏ ጠረገችና «እሺ አልሁ እኮ!» አለች ደግማ፣ ዓይኗን ከዓይኑ ሳትነቅል።